መክሊት የዋሸች ዕለት

«እንዴት አደርሽ» ጥያቄ አለመሆኑን ለመክሊት ያስረዳቻት ኤሌኒ ናት። ከዚያ በፊት መክሊት ሰላም ያላትን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አቁማ ከልቧ ትመልስለት ነበር። ሌሊት ጆሮዋን እንዳመማት፣ ጣሪያው ውስጥ አይጥ ስትሯሯጥ እንቅልፍ እንደነሳቻት፣ ጠዋት የጠጣችው ሻይ ስኳር እንደበዛበት። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ጠዋት ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው የለምና ልጅቱ ትምህርት ቤት የምትደርሰው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። አንድ ቀን ኤሌኒ እጇን ይዛ «እግዚአብሔር ይመስገን በይና እለፊ» አለቻት። መክሊት ቢያመኝስ አለች። ቢያምሽም። ታዲያ መልሱን የማይፈልጉት ከሆነ ለምን ይጠይቁኛል? ኤሌኒ ትንሽ አሰበችና «አይቼሻለሁ፣ አልረሳሁሽም ማለታቸው ነው» አለቻት። ይህ ለመክሊት በቃት። እስከዚያ ድረስ «ዝም በይ» ያላት እንጂ ምክንያቱን የነገራት ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ያደጉት በአንድ አጥር ነው። ኤሌኒ በዕድሜ የምትበልጠው፣ የእትዬ ደሳለች ልጅ ናት። መክሊት ደግሞ የማሬ ልጅ ናት፤ ማሬ ባሏ ፋንታው ከሞተ ወዲህ መሥሪያ ቤት እያጸዳች ነው ያሳደገቻት። መክሊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ዓይኗን ሲፈልግ ዓይኗን ታሸሻለች፤ ሲስቁ አትስቅም፣ ሳይስቁ ትስቃለች። ሠፈሩ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ የሚያይ ሠፈር አይደለም። አንዱ ልክፍት ነው አለ፤ ሌላው አባቷ ሲሞት ደንግጣ ነው አለ፤ አንዷ ደግሞ ማሬ አቀማጥላ አበላሽታት ነው ብላ ተገላገለች። ማሬም ሁዳዴውን ሙሉ ጠበል አመላለሰቻት። አጥማቂው በመስቀላቸው ግንባሯን ነክተው «ማነህ? ስምህን ተናገር» ሲሉ ልጅቱ በብርድ እየተንቀጠቀጠች «መክሊት ፋንታው» አለች። ያን ያህል እውነተኛ መልስ እዚያ ጠበል ላይ ተሰጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ግን አልተቆጠረላትም።

ለነገሩ ስም ያወጣችለት ሃና የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ከአዳማ የመጣች። ቀሚስ ልታሳጥር መክሊት የምትሠራበት ልብስ ሰፊ ቤት ሄዳ መክሊትን ስታናግራት ቆይታ፣ ማሬን ፈልጋ አገኘቻት። ኦቲዝም ይባላል፣ በሽታ አይደለም፣ ልጅሽ የሰውን ሐሳብ የምትረዳበት መንገድ ከእኛ ይለያል፣ እኛም የእሷን ሐሳብ ቶሎ አንረዳም አለቻት። ማሬ መድኃኒት እንዳለው ጠየቀች። የለውም። «እንግዲያ ስሙ ምን ይሠራልኛል?» አለች ማሬ። አልፈርድባትም። ማታ ግን ወጥ እያማሰለች ያን ስም ለብቻዋ ደጋግማ ስትለው መክሊት ሰምታታለች።

መክሊት አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ ይሻው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራለች። ትተኩሳለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ሴትዮ ለሠርግ ያሰፉትን ቀሚስ ለብሰው «አማረብኝ?» ቢሏት «የለም፣ ወገብዎ ላይ ይጠብብዎታል» አለቻቸው፤ እውነቱም እሱ ነበር። ሴትዮዋ ቀሚሱን አውልቀው ጥለው ሄዱ። ጋሽ ይሻው ቂም የማያውቁ ሰው ናቸውና ተቆጥተው ሲያበቁ አንድ ሕግ አወጡላት። ደንበኛ አማረብኝ ካለ ያምራል በይ፣ ወገቡን ለእኔ ንገሪኝ።

እንዲህ እያለ ሕጎቿ በዙ። ብዪ ሲሏት መጀመሪያ በልቻለሁ ማለት፤ በሞቴ ሲመጣ መጉረስ። እንግዳ ልሂድ ብሎ ሲነሣ «ደህና ይሁኑ» ብሎ በሩን አለመክፈት፤ ገና መቀመጡ ነው። ሌሎቻችን ይህን ሁሉ መቼ እንደተማርነው እንኳ አናውቅም። እሷ ግን አንድ በአንድ ለቅማ የያዘችው ነው፤ አብዛኛውንም የለቀመችው ተሳስታ፣ ተስቆባት ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ የሚያደክማት ካውያው አይደለም፤ ሰው ነው።

ኤሌኒ አረብ አገር ከሄደች በኋላ እንኳ ይህን ሥራዋን አልተወችም። መክሊት በስልኳ ድምፅ ትልክላታለች። ጋሽ ይሻው ዛሬ ጎበዝ አሉኝ፣ ግን በሩን በኃይል ዘጉት፣ ምን ማለታቸው ነው? ከዚያ ማዶ፣ የሰው ቤት ሥራ ጨርሳ፣ ኤሌኒ እየሳቀች ትመልሳለች። ጎበዝ ያሉሽ ለአንቺ ነው፣ በሩን የዘጉት መብራት ጠፍቶባቸው ተናደው ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ልብስ ሰፊ ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን እንደሚያሳይ፣ ኤሌኒ ሰውን እየገለበጠች ታሳያት ነበር። መክሊት ሌላ ጓደኛ አልነበራትም፤ የሚጎድላትም አይመስላትም ነበር።

እትዬ ደሳለች ድምፅ የሚቀበል ስልክ የላቸውም። ስለዚህ ኤሌኒ እሑድ እሑድ ለእናቷ የምትለውን ወደ መክሊት ትልካለች፤ መክሊትም ከቅዳሴ በኋላ ስልኳን ይዛ አጥሩን ትዞራለች። እትዬ ደሳለች ስልኩን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያዳምጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይመርቃሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚመርቁት ድምፁ መቀዳቱን ካቆመ በኋላ ነው።

የእኚህ ሴት መተዳደሪያ ብቅል ነው፤ እያበቀሉ፣ እያደረቁ ገበያ ያወጡታል። ጉልበታቸው ታሟል፤ ከመደባቸው መነሣት ጭንቅ ነው። በክረምት ደግሞ ብቅል ዝናብ ባባራ ቁጥር እየወጣ ካልተሰጣ ይሻግታል። ማባራቱ እንዳይሰማ ቤቱ ላይ ያዘነበለ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ቆርቆሮው ላይ ሲያንጠባጥብ ይቆያል፤ በጆሮ አይለይም። ታዲያ ሌላ ሰው «አባርቷል» ሲላቸው እትዬ ደሳለች በደንብ አይተሻል ይላሉ፣ ደግመው ይጠይቃሉ፣ በመጨረሻም እያቃሰቱ ተነሥተው ራሳቸው በሩ ላይ ያያሉ። መክሊት «አባርቷል» ስትል ግን ዘወር እንኳ አይሉም፤ «እንግዲያ አውጪልኝ» ነው። ጎረቤት ይህን አይታ ብትስቅ «ይቺ ልጅ ካለች አለቀ» አሉ። መክሊት ያቺን ቃል ይዛት ትኖራለች። እዚያ ቤት ሕግ አያስፈልጋትም ነበር። ርቦኛል ትላለች፣ ይሰጧታል፤ ልሂድ ትላለች፣ ትሄዳለች። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቤት አንድ ብቻ ነበራት።

ባለፈው ሐምሌ የኤሌኒ መርዶ መጣ።

በእኛ አገር መርዶ መጀመሪያ ለባለቤቱ አይነገርም። ዘመድ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ዕድሩ ይሰማል፤ ሁሉም ከሰማ በኋላ አንድ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ለእናት ይነግራል። እስከዚያ ድረስ እናት ብቻዋን የማታውቅ ሆና ትሰነብታለች። ከኤሌኒ ጋር የምትሠራ ልጅ ሻሸመኔ ላለው ለኤሌኒ ወንድም ደወለች፤ ወንድሟ ደግሞ የዕድሩ ሰብሳቢና የሥጋ ዘመዳቸው ለሆኑት ለአቶ ሙላቴ። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ አልነቃችም፤ የተባለው ይኸው ነው። ወንድሟ እስኪደርስ መርዶው እንዲቆይ ተወሰነ። መንገዱ እንደልብ አይደለምና መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቅም ነበር።

አቶ ሙላቴ ለማሬ ሊነግሩ ሲገቡ መክሊት እዚያው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሰው መክሊት ፊት ሲያወራ እንደማትሰማ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ዓይኗ እሱ ላይ ስለማያርፍ። «ኤሌኒ አርፋለች» አሉ አቶ ሙላቴ። ማሬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። መክሊት የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። ሊወጡ ሲሉ ነው ማሬ ድንገት «ይቺስ? ይቺ እኮ መዋሸት አታውቅም» ያለችው። አቶ ሙላቴ ተመልሰው መክሊት ፊት ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ። ደሳለች ስለ ልጇ ከጠየቀችሽ ደህና ናት በይ። ብቻዋን ሳለች ከሰማች ልቧ ቀጥ ይላል፤ ትገድያታለሽ።»

ይህን ያሉት ሁላችንም እንደምንለው ነው። ነገሩን ማክበዳቸው ነው። መክሊት ግን የሰማችው የተባለውን ነው። እትዬ ደሳለችን የሚገድል ነገር ከእንግዲህ አፏ ውስጥ አለ ማለት ነው።

በማግሥቱ ሥራ ገባች። አንድ ሱሪ እየደጋገመች ስትተኩስ ጨርቁ እስኪያብለጨልጭ ድረስ አልተወችውም፤ ጋሽ ይሻው ካውያውን ከእጇ ወሰዱባት። ምሳዋን እንደቋጠረችው መለሰችው። ማሬ ለጎረቤት «አንዳንዴ አለማወቅም ደግ ነው፤ ምንም አልመሰላትም» እያለች አወራች። ክፉ እናት ሆና አይደለም። ሐዘን ብላ የምታውቀው እንባና ደረት መድቃት ነው፤ የልጇ ሐዘን በሌላ በር ሲገባ አላወቀችውም። መክሊት ግን ልቧ ተሰብሮ ነበር። ማታ ስልኳን አውጥታ፣ እንደለመደችው፣ ድምፅ ቀዳች። ሰው ሲሞትብኝ ምንድን ነው የማደርገው? ቀድታም ለኤሌኒ ላከችው። ግራ ሲገባት የምትጠይቀው ሌላ ሰው አልነበራትም። ከዚያ መልስ ስትጠብቅ አመሸች፤ እንደማይመጣ እያወቀች።

ሠፈሩ ደግሞ በበኩሉ ምስጢሩን ያዘ። አያያዙን ግን ላየው ጉድ ነው። በየቀኑ እትዬ ደሳለች ቤት ገብተው የማይጠግቡ ሴቶች አጥር ላይ ቆመው ሰላም ብለው ያልፉ ጀመር። አንዷ ያለ ምክንያት ዳቦ ይዛ መጥታ ዳቦውን ሰጥታ ሳትቀመጥ ወጣች። ሌላዋ ገበያ ላይ አይታቸው መንገድ ቀየረች። ስለ ልጆች ወሬ ሲነሣ ሰው ሁሉ ያስለዋል። እትዬ ደሳለች ባላቸውንና ወንድማቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፤ መርዶ ሊመጣ ሲል ሠፈር ምን እንደሚመስል ያውቁታል። መርዶን መደበቅ ማለትም ለካ ይህ ነው። ሰው በአፉ እየዋሸ በፊቱ ይናገራል፤ እናት ቀስ እያለች ልቧን ታዘጋጃለች፤ ሰዎቹ ንጋት ላይ ሲመጡ ግማሹን አልቅሳ ጨርሳለች። ማንም ለማንም ያላስተማረው የቆየ ሥርዓት ነው። ሠፈሩ በሙሉ እየዋሸ እየነገራቸው መሆኑን ያላወቀች አንድ መክሊት ብቻ ነበረች።

እሑድ ሲደርስ ማሬ ልጇን ዛሬ እዚያ ቤት እንዳትሄጂ ብላት ወጣች። መክሊት ቀረች። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ደሳለች ያን ጉልበት እየጎተቱ ራሳቸው መጥተው ነበር። አልተቀመጡም። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«መክሊትዬ፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን እየሰወረብኝ ነው። አንቺ አትዋሺኝም። ኤሌኒ እንዴት ናት?»

መክሊት ፊታቸውን አላየችም። የምታየው ነጠላው ሥር ያለውን፣ ቀጥ ይላል የተባለውን ነው።

«ደህና ናት» አለች።

«ድምፅ ልካለች?»

ለዚህ ሕግ አልተሰጣትም። ብቻዋን ማሰብ ነበረባት፤ አሰበችም። ደህና የሆነ ሰው እሑድ ድምፅ ይልካል። የለም ብትል ያውቃሉ፤ ካወቁ ይሞታሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ስልኳ ላይ እትዬ ደሳለች ሰምተውት የማያውቁት አንድ ድምፅ ነበር። ኤሌኒ በሰኔ ልካው «ትኬቴን ስቆርጥ እነግርሻለሁ፣ ያኔ ለእማዬ ታሰሚያታለሽ» ብላታለች። መክሊት እስካሁን በአደራ ይዛው ኖራለች። አሁን ቆረጥኩ የሚል ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ለእትዬ ደሳለች የተላከ የእትዬ ደሳለች ነው። አዎ አለችና ከፈተችው።

«እማዬ፣ እንግዲህ ጠላሽን ጥመቂ። ለእንቁጣጣሽ እቤት ነኝ። ጉልበትሽን ባሕር ዳር ወስጄ አሳክምሻለሁ፤ እምቢ እንዳትዪኝ።»

እትዬ ደሳለች እዚያው ደፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ። ሞተች ብዬ እኮ ነው፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው እንዲህ ያስጨነቁኝ፣ ይቅር ይበላቸው እያሉ የመክሊትን እጅ ይዘው ደጋግመው ሳሙት። ሌላ ሰው ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ደግመው ይጠይቁ ነበር። መክሊት ካለች ግን አለቀ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እግራቸው ሲያነክስ አይታይም ነበር፤ መክሊትም ያን ሌሊት ሰው እንዳዳነ ሰው እፎይ ብላ ተኛች።

በማግሥቱ እትዬ ደሳለች ጋናቸውን አጥበው አጠኑ። ብቅል የራሳቸው ነው፤ ጌሾ ገዝተው ጠላ ጠነሰሱ። የቤቱን ግድግዳ የሚመርግላቸው ሰው ጠሩ። ቆይተውም አጥሩ ጋ ወጥተው ለሴቶቹ ልጄ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች ብለው አበሠሩ። አንዷ የያዘችውን ባልዲ ጥላ ቤቷ ገባች። ሌሎቹ «እሰይ» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ። አቶ ሙላቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው ወደ ማሬ ዘንድ መጡ፤ ማሬም ልጇን ጠየቀች፤ መክሊት ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት። አሁን መንገዱ ተከፍቶ ወንድምየው ደርሷልና መርዶው ለንጋት ተቆረጠ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዱ፤ አቶ ሙላቴ፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ፣ ፊት ፊት የኤሌኒ ወንድም። ሌላ እናት ያን ሰዓት በሯ ሲመታ ታውቃለች። እትዬ ደሳለች ግን ሁለተኛ ሳይንኳኳ ከፈቱ፤ ወንድ ልጃቸውን አዩት፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግረው ወደ ኋላ ወደ ሰዎቹ ተመለከቱ።

«እሷስ? መኪናው ውስጥ ናት?»

የመለሰላቸው የልጃቸው እንባ ነው። ዋይታው መናኸሪያው ድረስ ተሰማ ይባላል። መክሊት ከእናቷ ኋላ ቆማ የእትዬ ደሳለችን ደረት ታይ ነበር። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ አልቆመም። ሴቶቹ ደግፈው ሲያስገቧቸውም ይተነፍሱ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ለምን ነበር?

ወሬው ድንኳኑ ሳይተከል ተዳረሰ። የሙት ድምፅ አሰማቻት፣ እንዴት ያለች ጨካኝ ናት፣ እንባ እንኳ የላትም ተባለ። ይህን የሚያወሩት ሳምንቱን ሙሉ በየአጥሩ ሲዋሹ የሰነበቱት ናቸው። ማሬ ኀፍረቱና ንዴቱ አንድ ላይ መጣባትና ቤት ስትገባ ልጇን ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። ደህና ናት በይ ተባልሽ እንጂ እንዲህ አድርጊ መች ተባልሽ አለቻት። መክሊት «ውሸቱ ደህና ናት ማለቴ ነው፤ ድምፁ እኮ የራሷ ነው» ብላ መለሰች። ማሬ ይህን ሰምታ እጇን ለቀቀችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እስከ አርባዋ ድረስ እዚያ ቤት እንዳትሄድ ከለከለቻት፤ መክሊትም አልሄደችም። ለእንቁጣጣሽ የተጠነሰሰው ድፍድፍ በአርባዋ ለተዝካር ተጠመቀ። ሰው ጠጥቶ ጥሩ ጠላ ነው አለ።

ከተዝካሩ በኋላ በነበረው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መክሊት ማንንም ሳታስፈቅድ አጥሩን ዞረች። እትዬ ደሳለች ከስተው፣ ጥቁር ለብሰው መደባቸው ላይ ነበሩ። ጥግ ላይ የበቀለ ብቅል በሰፌድ ተቀምጧል። ግቢ አሏት፣ ተቀመጪ አሏት። ውጭ ዝናብ ነበር።

«አውቄ ነበር እኮ» አሉ እትዬ ደሳለች። «ልቤ ነግሮኝ ነበር። ወዳንቺ የመጣሁት ቁርጤን እንድትነግሪኝ ነው።»

«አቶ ሙላቴ ልቧ ቀጥ ይላል፣ ትገድያታለሽ ብለውኝ ነው።»

«እንዲያ ይባላል እንጂ፣ ልጄ፣ ሰው በወሬ አይሞትም። ቢሞትማ በወደድኩ።» ቀጥለውም «አለቀስሽላት?» ብለው ጠየቋት።

መክሊት ሰው ፊት እንባ እንደማይመጣላት ነገረቻቸው። ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች ለኤሌኒ ድምፅ ልካ እንደጠየቀቻት፣ እስካሁንም መልስ እንዳልመጣ ነገረቻቸው። እትዬ ደሳለች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ራሷን ስበው ትከሻቸው ላይ አስደገፏት፤ መክሊት መነካት ባትወድም አልተንቀሳቀሰችም። አልተቀየምኩሽም አሏት፤ እንዲህም ሲሉ ድምፃቸው የድሮው ነበር። መክሊት ይህ ከልብ ነው ወይስ እንደ «እንዴት አደርሽ» ያለ ነው ብላ አሰበች። የምትጠይቀው ሰው ግን አልነበራትም።

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው እየሳሳ መጣ። እትዬ ደሳለች ብቅሉን አዩት።

«አባርቶ ይሆን?»

መክሊት ተነሥታ በሩን ከፈተች፣ ሰማዩን አየች፣ ግቢውን አየች። ባሕር ዛፉ ብቻ ነበር የሚያንጠባጥበው።

«አባርቷል» አለችና ልታወጣው ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለች።

እንግዲያ አውጪልኝ የሚለው ቃል አልመጣም። ቀና ስትል እትዬ ደሳለች መደቡን በአንድ እጃቸው፣ ጉልበታቸውን በሌላው ይዘው እያቃሰቱ ሲነሡ አየች። አጠገቧ አልፈው በሩ ጋ ደረሱና መዳፋቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ቆሙ። ይህኛው ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። ሰፌዱን እንደያዘች ጠበቀች። እትዬ ደሳለች እጃቸውን መልሰው አዩት፤ ደረቅ ነበር።